የቢራቢሮ ሚና በሚላኖና በብሬሻ፦ የአንድ ኦፔራ ውድቀትና ትንሣኤ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1904 በሚላኖ ከተማ፣ ላ ስካላ በተባለው ስመ ጥር የኦፔራ ቤት፣ የጃኮሞ ፑቺኒ «ማዳማ በተርፍላይ» (ወይዘሮ ቢራቢሮ) ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምሽቱ በፉጨት፣ በሣቅና በጩኸት አለቀ፤ ሥራውም ከአንድ ምሽት በላይ ሳይታይ ከመድረክ ተነሣ። በዚያው ዓመት ሜይ 28 ቀን በብሬሻ ከተማ፣ ቴያትሮ ግራንዴ በሚባለው ቤት፣ ተሻሽሎ ሲቀርብ ግን ታዳሚው በርካታ ክፍሎች እንዲደገሙለት እስኪጠይቅ ድረስ ተቀበለው። በሁለቱ ምሽቶች መካከል ያለፈው ጊዜ ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

በእነዚህ ሁለት ምሽቶች የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሚና የያዙት የተለያዩ ሶፕራኖዎች (ከፍተኛው የሴት ድምፅ ያላቸው ዘፋኞች) ነበሩ። ስለዚህም ጉዳዩን ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው የመጀመሪያዋ ሚናውን ሳትችለው ቀርታ ሁለተኛዋ ያዳነችው ይመስለዋል። መድረክ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ፊት ለፊት በሚታየው ሰው ላይ ነውና ግምቱ አይገርምም። የሚታወቁት እውነታዎች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ፤ ጉዳዩን ለመመዝገብ የመረጥሁትም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ባለ ጽሑፍ እንደተለመደው ከሙዚቃው አቀናባሪ በቀር ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ የሚላኖዋን «የመጀመሪያዋ ሶፕራኖ»፣ የብሬሻዋን «ሁለተኛዋ ሶፕራኖ» እላቸዋለሁ።

ዳራ፦ ታሪኩና ሚናው

ታሪኩ የሚፈጸመው በጃፓን፣ ናጋሳኪ ውስጥ ነው። ፒንከርተን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በደላላ አማካይነት ቤት ይይዛል፤ በዚያው ደላላ በኩል የ15 ዓመት ልጅ ያገባል። የቤቱ ውል ለ999 ዓመት የተጻፈ ሆኖ በየወሩ ሊፈርስ የሚችል ነው፤ መኮንኑ ጋብቻውንም የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው። ቢራቢሮ የምትባለው ቾቾሳን ግን ነገሩን ከልቧ ይዛ እስከ ሃይማኖቷ ድረስ ትለውጣለች። በሠርጓ ዕለት አጎቷ መነኩሴው ይረግማታል፣ ዘመዶቿም ይክዷታል። ባሏ ወደ አገሩ ተመልሶ ሦስት ዓመት ሲቀር፣ መወለዱን እንኳ ያልሰማውን ልጁን እያሳደገች ትጠብቀዋለች። መርከቡ በመጨረሻ ሲመጣ አሜሪካዊት ሚስት ይዞ ነው፤ ልጁንም ሊወስዱ ይፈልጋሉ። ቢራቢሮ አባቷ ራሱን ያጠፋበትን ጩቤ ታነሣለች። በስለቱ ላይ በክብር መኖር ያልቻለ በክብር ይሞታል የሚል ቃል ተቀርጿል።

ሚናው ለሶፕራኖ ድምፅ ከተጻፉት ከባዶች መካከል የሚቆጠር ነው፤ ክብደቱ ግን በአንድ ወይም በሁለት ከፍተኛ ኖታዎች ላይ የተከማቸ አይደለም። ዘፋኟ ገና ሳትታይ ድምፅዋ ከመድረክ በስተኋላ ይሰማል፤ ሚዜዎቿን አስከትላ ኮረብታውን እየወጣች ታዜማለች። አንዴ መድረኩን ከረገጠች በኋላ እስከ ፍጻሜው ድረስ ከተመልካች ዓይን የምትሰወርባቸው ደቂቃዎች በጣም ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያው ገቢር ከእርሷ የሚጠበቀው የታዳጊ ልጅ ቀላልና ንጹሕ ድምፅ ነው፤ ገቢሩ ግን የሚዘጋው ፒንከርተንን ከሚጫወተው ቴነር (ከፍ ያለ ድምፅ ካለው ወንድ ዘፋኝ) ጋር በምታዜመው ረጅም የፍቅር ቅብብል ነው። በሁለተኛው ገቢር መርከቡ አንድ ቀን ከአድማስ ብቅ ሲል በዓይነ ሕሊናዋ እያየች «ኡን ቤል ዲ ቬድሬሞ» የተሰኘውን አሪያ (ለብቻ የሚዜም ክፍል) ታሰማለች፣ የአሜሪካው ቆንሲል የሚያነብላትን የፒንከርተን ደብዳቤ ትሰማለች፣ ልጇን ታሳየዋለች፣ ከአገልጋይዋ ጋር ቤቱን በአበባ ታስጌጣለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ እየተጫወተ ልጇን የምትሰናበትበት ክፍል ይመጣል፤ እዚያ ላይ የሚያስፈልገው የታዳጊ ልጅ ድምፅ አይደለም፣ ደረቱ የሞላ የጎልማሳ ሴት ድምፅ ነው። በአጭሩ አንዲት ዘፋኝ በአንድ ምሽት ቀላሉን ድምፅ ሳትደክም፣ ከባዱን ደግሞ ከደከመች በኋላ እንድታወጣ ትጠየቃለች።

ሁለቱ ሶፕራኖዎች በአጋጣሚ በአንድ ዓመት፣ በ1872 የተወለዱ ናቸው። የመጀመሪያዋ ጣልያናዊት ስትሆን ድምፅዋ ቀለል ያለና ቅልጥፍና ያለው፣ በትወናዋም የተመሰከረላት ነበረች። አዳዲስ ኦፔራዎችን በመክፈት ልምድ ነበራት፤ ከሁለት ወር በፊት እንኳ በዚያው በላ ስካላ መድረክ፣ ከዚያው ቴነር ጋር፣ የሌላ አቀናባሪ አዲስ ሥራ ከፍታ ነበር። ሁለተኛዋ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ከነበረችው ጋሊሲያ፣ ከዛሬዋ ዩክሬን የመጣች ናት፤ ድምፅዋ ወፈር ያለና እንደ «አይዳ» ያሉ ሚናዎችን የሚሸከም ነበር። ይህ የድምፅ ልዩነት እውነተኛ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከመጀመሪያው ምሽት በፊት የተደረጉ ውሳኔዎች

ፑቺኒ ታሪኩን ያገኘው በ1900 ለንደን ውስጥ ካየው የአሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ሥራ ነው። እንግሊዝኛው እምብዛም ሳይገባው ተውኔቱ ልቡን የወሰደው በአንድ ትዕይንት ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ትዕይንት ተዋናይቱ ባሏን ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ስትጠብቅ 14 ደቂቃ ያህል ቃል አይነገርም፤ የሚለወጠው ከምሽት ወደ ንጋት የሚሸጋገረው የመድረክ ብርሃን ብቻ ነው። ፑቺኒ ይህን ጥበቃ ወደ ኦፔራው ለማምጣት ወሰነ።

የግጥሙ ደራሲዎች ሁለት ነበሩ፤ መጀመሪያ የታሰበውም በናጋሳኪ የአሜሪካ ቆንስላ ውስጥ የሚፈጸም ተጨማሪ ገቢር ያለው ሥራ ነበር። በ1902 መገባደጃ ላይ ፑቺኒ የቆንስላውን ገቢር ጨርሶ አወጣውና ሥራው ሁለት ገቢር ብቻ እንዲሆን፣ ሁለተኛው ገቢርም የጥበቃውን ሌሊት አካትቶ መጋረጃ ሳይዘጋ እስከ ሞቱ ድረስ እንዲዘልቅ አደረገ። ከግጥሙ ደራሲዎች አንዱ፣ የመድረክ ልምዱ የበሰለ ሰው፣ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ ገቢሩ ከልክ በላይ እንደሚረዝም አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው አልተሰማም። በፑቺኒ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ሐሳቡ ከድራማ አንጻር ትክክለኛ መሠረት ነበረው፤ የቢራቢሮ ጥበቃ መቋረጥ የሌለበት ጥበቃ ነውና።

ሁለት ሌሎች ነገሮችም አሉ። በፌብሩዋሪ 1903 ፑቺኒ በመኪና አደጋ እግሩ ተሰበረ፤ ሕክምናውም ወራት ፈጀ፤ ሥራው በ1903 መጨረሻ ተጠናቀቀና በቀጥታ ወደ ልምምድ ገባ። ልምምዱ ደግሞ በምሥጢር ተያዘ። ጋዜጠኞች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ዘፋኞቹም የሙዚቃ ጽሑፋቸውን ወደ ቤት ይዘው እንዲሄዱ አልተፈቀደላቸውም ይባላል። አዘጋጆቹ በሥራው ፍጹም እርግጠኛ ነበሩ፤ ፑቺኒም ቤተሰቡን ወደ መክፈቻው ጠርቶ ነበር።

ችግሩ፦ የሚላኖው ምሽት

የመጀመሪያው ገቢር መጀመሪያ ላይ አዳራሹ ዝም አለ፤ ለአዲስ የፑቺኒ ሥራ ዝምታ ደግ ምልክት አልነበረም። ቢራቢሮ ገብታ ዜማዋ ሲሰማ ከታዳሚው «ይህ ላ ቦኤም ነው!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ዜማው ከአቀናባሪው የቀድሞ ኦፔራ የተወሰደ መሰላቸው። በዚህ ቅጽበት ዘፋኟ ልታደርግ የምትችለው ነገር አልነበረም። የተከሰሰው የተጻፈው ዜማ ነው፤ ክሱ የተሰነዘረው ግን እርሷ እያዜመች ሳለ ነው።

ከዚያ የኪሞኖው (የጃፓን ረጅም ልብስ) ነገር መጣ። የመድረክ ነፋስ የዘፋኟን ኪሞኖ ከፊት ለፊት ሲነፋው ከአዳራሹ «ቢራቢሮ አርግዛለች!» የሚል ድምፅ ተሰማ ይባላል፤ ስለ እርሷና ስለ አንድ ታዋቂ የኦርኬስትራ መሪ ይወራ የነበረውን የሚነካ ስላቅም ተከተለው። እንዲህ ያለ ስድብ በየትኛውም ሚና ይጎዳል። በዚህ ሚና ላይ ግን ጉዳቱ የተለየ ነው፤ ታዳሚው በገጸ ባሕርይዋ ንጽሕና ካላመነ ታሪኩ የሚቆምበት እግር የለውም።

ከሁሉ የከፋው በሁለተኛው ገቢር ውስጥ ሆነ። ቢራቢሮ ለሌሊቱ ጥበቃ ስትሰናዳ በወረቀት በተወጠረው ተንሸራታች ግድግዳ ላይ ሦስት ቀዳዳ ትበሳለች፤ አንዱን ከፍ አድርጋ ለራሷ፣ ሁለተኛውን ዝቅ አድርጋ ለአገልጋይዋ ለሱዙኪ፣ ሦስተኛውን ከሁሉም ዝቅ አድርጋ ለልጁ። አገልጋይዋና ልጁ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ እርሷ ሳትነቃነቅ ቆማ ትቀራለች። መዘምራኑ ከመድረክ በስተኋላ አፋቸውን ዘግተው ቃል የሌለው ዜማ ያሰማሉ፤ ከዚያ ኦርኬስትራው ብቻውን ሌሊቱን ወደ ንጋት ያሸጋግራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መድረኩ ላይ የሚታየው ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች ሴት ብቻ ናት። አዘጋጆቹ ንጋቱን እውነተኛ ለማስመሰል በአዳራሹ ላይኛ ሰገነት የወፍ ድምፅ የሚያሰሙ ሰዎች አስቀምጠው ነበር። ቀድሞውኑ ትዕግሥቱ ያለቀው ታዳሚ ለወፎቹ በዶሮ፣ በላምና በአህያ ድምፅ መለሰላቸው።

አሁን የዘፋኟን ቦታ እናስብ። 90 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ገቢር ውስጥ ናት። ረጅሙን አሪያና የደብዳቤውን ትዕይንት አዚማለች፤ ዝም ብላ ቆማ ስትጠብቅም ሰውነቷ አላረፈም፣ ጡንቻዋ ተገትሯል፣ ጉሮሮዋ ቀዝቅዟል። ከኋላዋ እንስሳት የሚያስመስሉ ሰዎች ይሥቃሉ። ከዚህ ሣቅ ወጥታ ነው የሥራውን እጅግ ከባድ ክፍል፣ የልጅ ስንብቱን የምትዘፍነው። ከታዳሚው መካከል የመጨረሻዎቹን ገጾች በእርግጥ የሰማ ሰው ብዙ አልነበረም። ፑቺኒም በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ምሽቱን በጅምላ ተሰብስቦ ሰው ከመስቀል ጋር አመሳስሎታል።

የተቀናቃኞች እጅ አለበት የሚለው ጥርጣሬ ወዲያው ተነሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ ይነገራል። የጩኸቱ መጠንና ሥርዓት የተዘጋጀ እንደነበር ያስጠረጥራል። ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር በሤራ ማስረዳት የሚያስተምረን ነገር የለም፤ ታዳሚው ለሣቅ የሚመቹ ክፍተቶችን ሥራው ውስጥ ማግኘቱም እውነት ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ፈጣን ነበር። አቀናባሪውና አሳታሚው ሥራውን በማግሥቱ አነሡ፤ ከኦፔራ ቤቱ የተከፈለውንም ገንዘብ መለሱ። በብዙ ቤቶች የወደቀ ሥራ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ምሽት ይቀርብና ሁኔታው ይታያል። እዚህ ግን ሌላ ምሽት አልተሞከረም፤ በእኔ ግምት ይህ ውሳኔ ሥራውንም ሶፕራኖዋንም ከተጨማሪ ውርደት አድኗል።

ቀጥሎ እርማቱ መጣ። ረጅሙ ሁለተኛ ገቢር በመዘምራኑ ቃል አልባ ዜማ ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ ቢራቢሮ እንደቆመች መጋረጃ ይዘጋል፣ ሲከፈትም እዚያው ቆማ ትገኛለች። በመጀመሪያው ገቢር በሠርጉ ዘመዶች ዙሪያ የነበሩ አስቂኝ ዝርዝሮች፣ በተለይ የሰካራሙ አጎት ክፍል፣ ተቆረጡ። የቢራቢሮን መግቢያ ጨምሮ አንዳንድ ዜማዎች ተነካኩ። ለቴነሩ ደግሞ በመጨረሻው ክፍል ቤቱን የሚሰናበትበት አጭር አሪያ ተጨመረለት፤ ሶፕራኖዋ በሌለችበት ሰዓት የሚዜም ስለሆነም ለእርሷ እረፍት፣ ለታዳሚውም የስሜት መሸጋገሪያ ሆነ።

ለሁለተኛው ሙከራ የተመረጠው ቤት ከሚላኖ በስተ ምሥራቅ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የብሬሻ ቴያትር ነው። ከላ ስካላ ያነሰና የፋሽን ሽኩቻው የማይበረታበት ቤት ነበር፤ የሚላኖ ሰዎችም ለማየት ሊመጡ የሚችሉበት ቅርበት ላይ ነው። የኦርኬስትራው መሪና ቴነሩ አልተለወጡም።

ሶፕራኖዋ ግን ተለወጠች፤ የተለወጠችበት ምክንያት ለጥናቱ ቁልፍ ነው። የመጀመሪያዋ ሶፕራኖ በደቡብ አሜሪካ የምትዘፍንበት ውል ስለነበራት ወደዚያ መሄድ ነበረባት። ፑቺኒ ከመክፈቻው ጥቂት ቀናት በኋላ በጻፈላት ደብዳቤ ሥራው ያለ እርሷ ነፍስ የሌለው ነገር እንደሚሆንበት ገልጾላታል። የወደቀ ሰው ሌላውን ለመወንጀል በሚቸኩልበት ሰዓት የተጻፈ ደብዳቤ ነውና ክብደት አለው።

ውጤቱ

ብሬሻ ላይ ሁለተኛዋ ሶፕራኖ ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ ተጨበጨበላት፤ «ኡን ቤል ዲ»ን ጨምሮ በርካታ ክፍሎች እንዲደገሙ ተጠየቀ፤ አቀናባሪውም ደጋግሞ ወደ መድረክ ወጣ። ሚላኖ ላይ የእንስሳ ድምፅ ያስነሣው የመዘምራኑ ዜማ እዚህ ከተወደዱት ክፍሎች አንዱ ሆነ። ያው ዜማ ነው። የተለየው ከኋላው የሚመጣው ነገር ነው፤ ቀድሞ ረጅም የኦርኬስትራ ሌሊት ይከተለው ነበር፣ አሁን መጋረጃና ጭብጨባ ይከተለዋል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላ ውጤት አለ። ከብሬሻ አምስት ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 2 ቀን 1904፣ የመጀመሪያዋ ሶፕራኖ ይህንኑ ሚና በቡዌኖስ አይረስ ተጫወተችና ሥራው ተቀባይነት አገኘ። ኦርኬስትራውን የመራው በሚላኖው ስላቅ ስሙ የተነሣው ያ ሰው ራሱ ነበር። በ1905 ሥራው ለንደን ኮቨንት ጋርደን ደረሰ፤ በ1906 መጨረሻ ፓሪስ ላይ እንደገና ተሻሽሎ ቀረበ፤ በ1907 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ገባ። በእያንዳንዱ ከተማ ሚናውን ሌላ ሶፕራኖ ያዘችው፤ በየትኛውም ቦታ የሚላኖው ዓይነት ምሽት አልተደገመም።

መንስኤውን መለየት

አንድ ሥራ ከወደቀ በኋላ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጦ ሲሳካ የትኛው ለውጥ እንደሠራ ማወቅ ያስቸግራል። በብሬሻ የተለወጡት ሙዚቃው፣ የገቢሩ አከፋፈል፣ ከተማው፣ ታዳሚውና ሶፕራኖዋ ናቸው። የዚህ ጉዳይ ዕድል ከዚያ በኋላ የተከሰቱ ሌሎች ምሽቶች መኖራቸው ነው፤ እነርሱን እያስተያዩ አንዳንድ ግምቶችን መጣል ይቻላል።

በመጀመሪያ የሚወድቀው ዘፋኟ ሚናውን አልቻለችበትም የሚለው ግምት ነው። ያችው ዘፋኝ ከወራት በኋላ በሌላ አህጉር ሚናውን በስኬት ተወጥታለች። ድምፅዋ በአምስት ወር ውስጥ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቆመችበት ሁኔታ ነው።

ሁለተኛው ግምት የመጀመሪያው ቅጂ በራሱ ሊታይ የማይችል ነበር የሚለው ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ የተዘጋ ጉዳይ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ላ ስካላ ራሱ ዲሴምበር 7 ቀን 2016 የወቅቱን መክፈቻ በዚያው በ1904ቱ ቅጂ አደረገው። ሁለት ገቢር፣ ያልተከፈለው ሌሊት፣ የተቆረጡት ዘመዶች ሁሉ ተመልሰው ገቡ። ታዳሚው በጸጥታ ሰምቶ በረጅም ጭብጨባ ተቀበለው። እርግጥ የ2016 ታዳሚ ታሪኩን በልቡ የሚያውቅ፣ ሥራውን እንደ ቅርስ የሚያይ ታዳሚ ነው፤ ሁለቱን ማስተካከል አይቻልም። ቢሆንም ቅጂው ብቻውን ውድቀቱን አያስረዳም።

የሚቀረው የሁኔታዎች መገጣጠም ነው፦ በጥርጣሬ የገባ ታዳሚ፣ እረፍት የማይሰጥ ገቢር፣ ለቀልድ ክፍት የሆነ ዝምታ። የመጀመሪያውን አዘጋጆቹ ሊያስተካክሉት አይችሉም ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በእጃቸው ነበሩ፤ ያስተካከሉትም እነርሱኑ ነው። የሶፕራኖዋ መለወጥ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ወፈር ያለው ድምፅ በመጨረሻው ስንብት ላይ ኦርኬስትራውን በቀላሉ ያልፋል፤ ይህም ብሬሻ ላይ ሳይጠቅም አልቀረም። ነገር ግን ቀለል ያለውም ድምፅ ያንኑ ሥፍራ ሊሻገር እንደሚችል ቡዌኖስ አይረስ አሳይቷል።

ያልሠራውና የተከፈለው ዋጋ

ከላ ስካላ ጋር የነበረው ቁስል አልዳነም። ሥራው በፑቺኒ ሕይወት ሳለ ወደዚያ መድረክ አልተመለሰም፤ አቀናባሪው ኖቬምበር 29 ቀን 1924 አረፈ፣ ላ ስካላ «በተርፍላይ»ን እንደገና ያቀረበው በ1925 ነው። አንድ ሥራ ዓለምን ዞሮ የተወለደበትን ቤት ከ20 ዓመት በላይ ሳይረግጥ መቆየቱ፣ መታረም የመጀመሪያውን ስሜት ከአንድ ቤት ትዝታ እንደማይፍቅ ያሳያል።

እርማቶቹም ዋጋ አስከፍለዋል። በመጀመሪያው ቅጂ ፒንከርተን ጃፓናውያኑን የሚንቅበት ንግግር ሸካራ ነበር፤ አገልጋዮቹን በስም መጥራት አሰልችቶት ቁጥር ይሰጣቸዋል። አሜሪካዊቷ ሚስትም ልጁን የምትጠይቀው ፊት ለፊት ነበር። በብሬሻና በፓሪስ በተደረጉት ለውጦች ይህ ሁሉ ለሰለሰ፤ የተጨመረው አሪያ ደግሞ ሰውየውን በጸጸት አስለቀሰው። ዘፋኟ እረፍት አገኘች፣ ገጸ ባሕርይዋ ግን የሞቷን ምክንያት በከፊል አጣች፤ የበደላት ሰው ሲለሰልስ የእርሷ መጨረሻ ከበደል ይልቅ ዕጣ ፈንታ መምሰል ይጀምራል። በእኔ አስተያየት የገቢሩ መከፈል ጥሩ እርማት ነበር፤ የቆሻሻው ንግግር መታጠብ ግን ሥራውን ያቀለለ እርማት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጥቅል መምጣታቸው ሁለቱንም እኩል እንድናመሰግን አያስገድደንም።

ለሌሎች ሥራዎች የሚተርፍ ትምህርት

ሰቆቃ የሞላበትን ሚና ለሚያዘጋጅ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ከድምፅ በፊት እረፍትን መቁጠር ነው። ዘፋኟ መቼ ከመድረክ ትወርዳለች፣ መቼ ውኃ ትጠጣለች፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ የምታዜመው የመጀመሪያ ሐረግ የት ቦታ ላይ ነው የሚሉት ጥያቄዎች ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ መልስ ሊያገኙ ይገባል። ሚናውን ለመስጠት ሲመረጥም ዘፋኟን በመግቢያው ዜማ መፈተን አያስተማምንም። የሚያዋጣው ሁለተኛውን ገቢር ከመጀመሪያው አዚማ የመጨረሻው ስንብት ላይ ስትደርስ ምን ድምፅ እንደቀራት መስማት ነው፤ ለአንዲት ገጽ ብቻ የሚያምር ድምፅ በዚህ ሚና ውስጥ ብዙ አያስኬድም።

መድረክ ላይ ዝምታ የሚያስፈልግበት ቦታ ለሣቅም ክፍት ነው። የጥበቃው ሌሊት ተመልካቹ ካመነበት የሥራው ልብ ነው፣ ካላመነበት ማፌዣ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዝምታ በሚገባ ማጀብ እንጂ በተጨማሪ ብልሃት ማስጌጥ አያስፈልግም። ሰገነት ላይ የተቀመጡት ወፎች ለሙዚቃው አንዳች አልጨመሩለትም፤ ኦርኬስትራው ራሱ ንጋቱን በሚገባ ይናገራል። ከአዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማሰማት ደግሞ ታዳሚውን መልስ እንዲሰጥ እንደመጋበዝ ነው።

ከሥራው ክበብ ውስጥ የሚነሣ ተቃውሞ፣ በተለይ ልምድ ካለው ሰው ሲመጣ፣ በጽሑፍ ተይዞ በልምምድ መፈተን አለበት። የግጥሙ ደራሲ ማስጠንቀቂያ ትክክል መሆኑ የታወቀው በሕዝብ ፊት ነው፤ አንድ ጊዜ ሙሉውን ገቢር በሰዓት ለክቶ ከውጭ በመጡ ጥቂት ጆሮዎች ፊት ማሳየት ያንኑ ነገር በርካሽ ይነግራቸው ነበር። ምሥጢር መጠበቅ ከተቀናቃኝ ይከላከል ይሆናል፣ ነገር ግን ከወዳጅ አስተያየትም ይከላከላል። ብሬሻ በተግባር የሆነችው ሥራው በላ ስካላ ከመቅረቡ በፊት ሊደረግ ይገባ የነበረው ሙከራ ነው፤ አነስ ባለ ቤት ጀምሮ ወደ ትልቁ መሄድ ለአዲስ ሥራ ከሚደረጉት ጥንቃቄዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

ከወደቀ ሥራ በኋላ ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የኦርኬስትራ መሪውንና ቴነሩን ሳይለውጡ መያዝ ለብሬሻ ቡድን መረጋጋትን ሰጥቷል፤ አዲሷ ሶፕራኖ ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው የገባችው። ዋናዋን ዘፋኝ ለመለወጥ ግድ ከሆነም ምክንያቱ በግልጽ መነገር አለበት። የመጀመሪያዋ ሶፕራኖ የሄደችው በውሏ እንጂ ተባርራ አለመሆኑ በሰፊው ቢታወቅ ኖሮ፣ የአንድ ምሽት ጩኸት በስሟ ላይ ተለጥፎ ባልቆየ ነበር።

ትንሿ ነገር ልብሱ ናት። ሰፊ እጅጌና ሰፊ ቀሚስ ያለው ልብስ በልምምድ ክፍል ውስጥ ጸጥ ይላል፤ ትልቅ መድረክ ላይ ግን የመጋረጃዎቹ መከፈትና የመብራቱ ሙቀት አየር ያንቀሳቅሳሉ። ዘፋኟ በሙሉ ልብሷ፣ መብራቱ በርቶ፣ የመድረኩ በሮች እንደ ምሽቱ ተከፍተው፣ ከአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ አንድ ሰው እያያት አንድ ጊዜ ብትራመድ ኪሞኖው የሚነፋበት ቦታ ይታወቃል፤ ጠርዙም በቀላል ክብደት ይሰፋል።